«ያላመመኝን በሽታ ለምን እታከማለሁ?»፦ ስለ ክላሚዲያ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሲሸና እያቃጠለው ሐኪም ቤት ሄደ። ተመርምሮ ‹ክላሚዲያ ነው› ተባለ። 14 ፍሬ ዶክሲሳይክሊን ተሰጠው። ‹ሰባቱን አንቺ ውሰጂ፣ ሰባቱን እኔ እወስዳለሁ› አለኝ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ፈሳሽ የለኝም፣ ሕመም የለኝም። ያላመመኝን በሽታ ለምን እታከማለሁ? ደግሞስ ከየት መጣ? እሱ ሌላ ሴት አላውቅም ብሎ ይምላል። እኔም ከእሱ ሌላ ማንም የለም። ከመጋባታችን በፊት ግን ሁለታችንም የየራሳችን ጓደኛ ነበረን። ልጅ ለመውለድ መሞከር ከጀመርን 8 ወር ሆነን፤ አልተሳካም። በዚህ ምክንያት ይሆን? ታናሽ እህቴም አብራን ነው የምትኖረው። አንድ መታጠቢያ ቤት ነው የምንጠቀመው፤ እሷንስ ያሰጋታል? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ አይገርመኝም። በአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ሦስት ጭንቀት ነው የወረደብሽ። በግንኙነት የሚተላለፈው በሽታ አለ፣ በትዳርሽ ላይ የገባው ጥርጣሬ አለ፣ የልጁ ጉዳይ አለ። ሦስቱን በአንድ ላይ ካሰብሻቸው ራስ ያዞራሉ። እየነጣጠልን እንያቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ የምታደርጊው ነገር አለ። እነዚያን ሰባት ፍሬዎች አትውሰጂ። ለባለቤትሽ መልሺለት። ለክላሚዲያ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ነው። አስልተሽ ተመልከቺው። 14 ፍሬ የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና ነው፤ ለሌላ ሰው የሚተርፍ የለውም። ለሁለት ከተካፈላችሁት ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ታከማችሁ ማለት ነው። ግማሽ ሕክምና ደግሞ ማቃጠሉን ሊያስታግሰው ይችላል። ባክቴሪያው ግን ተርፎ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ዳንን ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ባለቤትሽ ያደረገው ለአንቺ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ብዙ ባልና ሚስት እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም በክፋት አላደረጉትም። ብቻ መካፈል የሌለብን ነገር ቢኖር አንቲባዮቲክ ነው። ከእሱ ድርሻ ላይ አንዳንዱን ውጠሽው ከሆነ ወደታከመበት ቦታ ይመለስና እንደጎደለው ይንገራቸው። ይሟላለታል። ማፈር አያስፈልግም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ። ልጅ እየሞከራችሁ ነው። ስለዚህ አሁን ይህን ስታነቢ አርግዘሽ ሊሆን ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይመረጥም። ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው አዚትሮማይሲን ነው፤ 1 ግራም፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ። ስለዚህ የአንቺ መድኃኒት ከእሱ የተለየ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚወስነው አንቺን ያየ ባለሙያ ነው።

ዋናው መልሴ ግን አዎ ነው። ምልክት ባይኖርሽም መታከም አለብሽ። ነገ ሐኪም ቤት ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃሻል፦ «ባለቤቴ ክላሚዲያ ተገኝቶበታል። ልጅ ለመውለድ እየሞከርን ነው።» ይህን የሰማ ባለሙያ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ያደርግልሻል። ከዚያ ናሙና ይወስዳል። ውጤቱ ባይደርስ እንኳ ሕክምናውን በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል። አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛ ከተያዘ ውጤት እየጠበቁ ሕክምና ማዘግየት ጥቅም የለውም። ምርመራውን ግን አትዝለዪው። ጨብጥ ብዙ ጊዜ ከክላሚዲያ ጋር አብሮ ይገኛል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሌላ ነው። የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራም በዚያው አብሮ ቢሠራ ጥሩ ነው። ለባለቤትሽም እንደዚሁ።

አሁን «ያላመመኝን ለምን እታከማለሁ?» ወዳልሽው እንምጣ። የክላሚዲያ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ክላሚዲያ ባክቴሪያ ነው። ግን እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በራሱ መራባት አይችልም። የሚራባው በሰው ሴል ውስጥ ገብቶ ነው። ስሙም የመጣው ከዚህ መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃልበርሽቴተር እና ፕሮቫዜክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የትራኮማ በሽታን ሲያጠኑ በዓይን ሴሎች ውስጥ ካባ የለበሰ የሚመስል ነገር አዩ። በግሪክኛ ካባ «ክላሚስ» ይባላል። አዎ፣ ዓይነ ስውር የሚያደርገው ትራኮማና ባለቤትሽን ያቃጠለው በሽታ የአንድ ባክቴሪያ ዘሮች ናቸው። አንደኛው ዝርያ ዓይንን ይመርጣል፣ ሌላው ብልትንና ማህፀንን። በሴል ውስጥ ብቻ ስለሚኖር ለረጅም ጊዜ ቫይረስ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ከሴል ውጭ ሲሆን ትንሽና ጠንካራ ነው፤ አይራባም። ሴል ውስጥ ሲገባ መልኩን ቀይሮ ይተልቅና መባዛት ይጀምራል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሴሉን ሞልቶ ይወጣና ጎረቤት ያሉትን ሴሎች ይይዛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። ከሚያዙት ሴቶች 70 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ምልክት የላቸውም። ከወንዶቹም ግማሽ ያህሉ አያውቁትም።

ባለቤትሽ ለምን ተሰማው፣ አንቺ ለምን አልተሰማሽም? ወንድ ላይ ባክቴሪያው የሚቀመጠው በሽንት ቱቦው ነው። ቱቦው ሲቆጣ ሽንት በላዩ ላይ ስለሚያልፍ ያቃጥላል። ሴት ላይ ግን ዋናው መቀመጫው የማህፀን በር ነው። በዚያ ሽንት አያልፍም። ቢቆጣም ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ስለዚህ አንቺ ምንም ሳይሰማሽ ለወራት ልትሸከሚው ትችያለሽ። ጤነኛ መሆንሽንና ሕመም አለመኖሩን ለይተሽ እዪ። በዚህ በሽታ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ምልክት ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተያዙ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ በጣም ዘግይቶ። ሴቶች ላይ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም በሁለት የወር አበባ መካከል ጠብ የሚል ደም፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ ውስጥ ድረስ የሚሰማ ሕመም ሊታይ ይችላል። ከግንኙነት በኋላ የምትታይ ጥቂት ደም ላይ ትኩር እንድትዪ እፈልጋለሁ። ብዙ ሴቶች «የወር አበባዬ ቀድሞ ነው» ብለው ያልፏታል። ወንዶች ላይ ከብልት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ማቃጠል፣ አልፎ አልፎ የአንዱ ቆለጥ ማበጥና ማመም አለ። በፊንጢጣና በጉሮሮም ሊኖር ይችላል፤ እዚያም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። «ከየት መጣ?»

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ላቦራቶሪ አይመልሰውም። ወረቀቱ የሚናገረው ባክቴሪያው አለ ወይም የለም ብቻ ነው። መቼ እንደገባ አይናገርም። ከማን እንደመጣም አይናገርም። ካልታከመ ክላሚዲያ ለወራት ይቆያል። ከተያዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዓመት ሲሞላቸውም አልለቀቃቸውም፤ ከዓመት በላይ የቆየባቸውም አሉ። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት ከነበረ ግንኙነት ወደ ትዳራችሁ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በእሱ በኩልም፣ በአንቺ በኩልም። በቅርቡ የመጣ ሊሆንም ይችላል። ይህንን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተደብቆ መቆየት ከተለመደው ይረዝማል፤ ግን አይሆንም የሚባል አይደለም። ከዚህ በላይ የሚነግርሽ ሐኪም ካለ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ። ቀድሞ የታመመው የግድ ቀድሞ የተያዘው አይደለም። ይህን በብዙ ትዳር ውስጥ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የሚያቃጥለው ባልየው ነው። ስለዚህ ጣት ወደ እሱ ይቀሰራል። ወይም ደግሞ ሚስትየው በሌላ ምክንያት ስትመረመር ይገኝባታል። ያኔ ጣቱ ወደ እሷ ይዞራል። ሁለቱም ጊዜ ፍርዱ የተሰጠው ማን ቀድሞ ምርመራ ቤት ደረሰ በሚል ነው። አንዴ አንዲት ወጣት ውጤቷን ይዛ ወደ ቤት መሄድ ፈርታ ከክፍሌ አልወጣም አለች። የሚያስፈራት በሽታው አልነበረም፤ «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» መባሉ ነበር። ባልየውን አስጠርቼ ለሁለቱም አንድ ላይ አስረዳሁ። መታከም የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም እንዲህ ማድረግ ከፈለግሽ ሁለታችሁ አብራችሁ ግቡ። ብዙ ባለሙያዎች ደስ ይላቸዋል።

ባለቤትሽን ልትጠይቂው መብትሽ ነው። ትዳርሽ ነው። እኔ የምለምንሽ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ንግግሩ አንድ ምሽት ሊፈጅ ይችላል፣ ሦስት ወር ሊፈጅም ይችላል። ሕክምናው ግን ያንን መጠበቅ አይችልም። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ሙሉ መድኃኒት ውሰዱ። የቀረውን ጤነኛ ሆናችሁ ተነጋገሩበት።

ወደ ልጁ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ፤ ምክንያቱም የሚወራው ብዙ ነው።

ክላሚዲያ መያዝ ማለት መሃን መሆን ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሴቶች ተይዘው፣ ታክመው፣ ወልደዋል። ጉዳት የሚመጣው ባክቴሪያው ከማህፀን በር አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ሳይታከሙ ከቀሩ ሴቶች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ላይ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦዎች ይደርሳል። ቱቦዎቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። እንቁላሏን ወደ ማህፀን የሚገፏት እነሱ ናቸው። ኢንፌክሽኑ እነዚያን ያበላሻል፣ ግድግዳውን ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካልዘጋው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ የተፀነሰው እንቁላል መንገድ ላይ ተይዞ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይፈጠራል። ይህ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ነው።

ለምን እንደምቸኩል አሁን ይገባሻል። መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የተፈጠረን ጠባሳ ግን አይመልስም። ደግሞ በተደጋጋሚ በተያዝሽ ቁጥር ቱቦዎቹ የመጎዳታቸው ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። አንዴ ተይዞ ቶሎ መታከምና በየጊዜው እየተያዙ መቀመጥ በጣም ይለያያሉ።

8 ወሩ ግን አያስደንግጥሽ። ከጤነኛ ጥንዶችም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ወር አያረግዙም። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ምርመራ የምንጀምረው ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክራ ካልተሳካ ነው። አንቺ ገና እዚያ አልደረስሽም። ከታከምሽ በኋላ ሞክሩ። ዓመት ከሞላችሁ ተመለሺና ስለዚህ ኢንፌክሽን ለሐኪሙ ንገሪው። ቱቦዎችሽ ክፍት መሆናቸውን በቀለም በሚታገዝ ራጅ ማየት ይቻላል። የባለቤትሽም የዘር ፈሳሽ አብሮ ይመረመር። መውለድ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ መመርመር ትልቅ ስህተት ነው፤ አሁንም በጣም ብዙ ይደረጋል።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሮጪባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከእምብርት በታች የሚብስ ሕመም ከትኩሳት ጋር ነው። ይህ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ መውጣቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ሕክምናውም ከተራው ክላሚዲያ ይረዝማል፣ መድኃኒቱም ከአንድ ዓይነት በላይ ነው። ሁለተኛው የወር አበባሽ ቀርቶ ወይም ዘግይቶ በአንድ በኩል የሚወጋ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስ መሳት ከመጣ ነው። ለሊትም ቢሆን ሂጂ። ነገ እስኪነጋ የሚባል ነገር አይደለም።

ከእርግዝና ምርመራው «አርግዘሻል» የሚል ውጤት ከመጣ ደስ ይበልሽ እንጂ አትፍሪ። በጊዜ መታወቁ ራሱ ትልቅ ዕድል ነው። ሳይታከም ከቀረ ሕፃኑ ሲወለድ በማህፀን በር ሲያልፍ ሊይዘው ይችላል። በተወለደ በ5 እና በ12 ቀን መካከል ዓይኑ ሊያብጥና ሊመግል ይችላል። ከ1 እስከ 3 ወር ዕድሜው ደግሞ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። አዚትሮማይሲኑን ወስደሽ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ መጥፋቱን በምርመራ ታረጋግጫለሽ። ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ እንደገና ትታያለሽ።

ስለ ምርመራው ራሱ ትንሽ ልበል። ብዙ ሴቶች የሚቀሩት ምርመራውን ፈርተው ነው። የዛሬው ምርመራ የባክቴሪያውን ዘረመል ነው የሚፈልገው። ለሴት ከብልት ውስጥ በቀጭን የጥጥ እንጨት የሚወሰድ ናሙና ይበቃል። በብዙ ቦታ ራስሽ መጋረጃ ጀርባ ሆነሽ ትወስጂዋለሽ፤ ትክክለኛነቱም ሐኪም ከሚወስደው አያንስም። ለወንድ የመጀመሪያው ሽንት ነው፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ ለ1 ሰዓት ሳይሸና። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ቁም ነገር አለው። ቱቦውን አጥቦ የሚወጣው እሱ ነው። የመሃሉን ሽንት የሰጠ ሰው ባክቴሪያውን መጸዳጃ ቤት ጥሎት ነው የሚመጣው።

ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ አንድ ባሕርይ አለው። የሞተውንም ባክቴሪያ ያገኘዋል። ስለዚህ መድኃኒት በጨረሳችሁ በሳምንቱ «ጠፍቶ እንደሆነ እንይ» ብላችሁ አትመርመሩ። አለ ሊላችሁ ይችላል፤ ሳይኖር ትደነግጣላችሁ፤ ምናልባትም እንደገና ትጣላላችሁ። ነፍሰ ጡር ካልሆንሽ ያን ምርመራ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልጋችሁ በ3 ወር የሚደረገው ነው። ያ መድኃኒቱ ሠርቷል ወይ ለማለት አይደለም፤ እንደገና ተይዛችሁ እንደሆነ ለማየት ነው። ክላሚዲያ አንዴ ስለያዘ ለሚቀጥለው ጊዜ መከላከያ ትቶ አይሄድም። እንደገና መያዙ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ ያልታከመው የትዳር ጓደኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እሱ ታክሞ አንቺ ካልታከምሽ መልሰሽ ትሰጪዋለሽ። አንቺ ቆይተሽ ስትታከሚ ደግሞ እሱ መልሶ ይሰጥሻል። እንዲህ እየተቀባበሉ ዓመት የሚያሳልፉ አሉ፤ መድኃኒቱን «አልሠራም» ይሉታል። መድኃኒቱ ሠርቷል። ሁለት ሰው ላይ በአንድ ሰሞን አልደረሰም እንጂ። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ታከሙ። 7 ቀኑን የሚወስደው ሰው እስኪጨርስ፣ አንድ ጊዜ የሚዋጠውን የወሰደው ደግሞ 7 ቀን እስኪሞላው ግንኙነት አታድርጉ። ቀኑ የሚቆጠረው ዘግይቶ ከታከመው ነው። በኮንዶምም ቢሆን ባይሆን ይሻላል። ልጁን የመሞከሩ ነገር ለጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ትቀጥላላችሁ።

ለባለቤትሽ ስለ ዶክሲሳይክሊን ይህን ንገሪልኝ። በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ፣ ቁጭ ወይም ቆም ብሎ ይውሰደው። ውጦ ወዲያው እንዳይተኛ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ከወተት፣ ከብረት ኪኒን ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ሰዓቱን ያራርቀው። ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይ፣ ቆዳው በቀላሉ ይቃጠላል። ማቃጠሉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊጠፋ ይችላል። ያኔም እስከ 14ኛው ፍሬ ይጨርስ። አንቺም አዚትሮማይሲን ወስደሽ ቶሎ ካስመለሰሽ ተመልሰሽ ንገሪያቸው፤ ሊደገምልሽ ይችላል።

ውስጥን በሳሙና ወይም በኬሚካል ማጠብ እንዳትሞክሪ። ክላሚዲያ ሴል ውስጥ ነው ያለው፤ ውኃ አይደርስበትም። እንዲያውም ብልትን የሚጠብቁትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ታጥቢያቸዋለሽ።

ይህን ጥያቄሽን ያላገቡ ወጣቶችም እንደሚያነቡት ስለማውቅ ስለ መከላከል ጥቂት ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆኑ ሰዎች ላይ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ ኢንፌክሽን ደርሷል። ይህን ያህል ሰው ሁሉ «እንዲህ ዓይነት ሰው» ሊሆን አይችልም። ክላሚዲያ ግንኙነት የጀመረ ማንኛውንም ሰው ይይዛል። ወጣት ሴቶችን ደግሞ ይበልጥ ይይዛል። በወጣትነት ጊዜ ባክቴሪያው የሚወዳቸው ለስላሳ ሴሎች ከማህፀን በር ወደ ውጭ ወጥተው የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ከ25 ዓመት በታች ሆና ግንኙነት ያላት ሴት ምልክት ባይኖራትም በዓመት አንዴ ብትመረመር ይመከራል። ከዚያ በላይ የሆነችም አዲስ ጓደኛ ከያዘች ትመርመር።

ኮንዶም በትክክልና በእያንዳንዱ ጊዜ ከተጠቀሙበት በጣም ይከላከላል። «በእያንዳንዱ ጊዜ» የሚለው ላይ ነው ብዙዎች የሚሸነፉት። መጨረሻ ላይ ብቻ ማድረግ አይሠራም፤ ባክቴሪያው መጨረሻውን አይጠብቅም። ከላቴክስ ኮንዶም ጋር ቅባትና ዘይት አይሆንም፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው ለእርግዝና እንጂ ለአባላዘር በሽታ አይደሉም። ይህን እያወቁ ተዘናግተው የተያዙ ብዙ አሉ። ክትባትም ለጊዜው የለውም።

እኔ ወጣቶችን በጣም የምመክረው ግን ኮንዶም መጠቀም ልናቆም ነው ስለሚሉበት ቀን ነው። ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፣ ወራት ያልፋል፣ «እኔና አንቺ እኮ እንተማመናለን» ይባልና ኮንዶሙ ይቀራል። መተማመኑ ጥሩ ነው። ግን ስላለፈው ግንኙነታቸው ሁለቱም የማያውቁት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ከላይ እንዳየነው ራሱ ተሸካሚው አያውቅም። ከዚያ ቀን በፊት አብረው ሄደው ቢመረመሩ አንቺ ዛሬ የምትጠይቂውን ጥያቄ አይጠይቁም ነበር። አዲስ ግንኙነት ከጀመሩ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቁ፤ በጣም ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ሊስት ይችላል።

በሽታው የተገኘበት ሰው ባለፉት 60 ቀናት ግንኙነት ላደረገው ሰው ሁሉ መንገር አለበት። ከ60 ቀን ወዲህ ማንም ከሌለ ደግሞ ለመጨረሻው ሰው። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ተመርምሬ ክላሚዲያ ተገኝቶብኛል። በቀላሉ ይድናል። አንተም ታይ።» ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅም። ያ መልእክት ለአንዲት ሌላ ሴት ቱቦዎቿን ሊያተርፍላት ይችላል። ክላሚዲያ ያለበት ሰው ኤችአይቪም በቀላሉ ሊይዘው ስለሚችል መልእክቱ ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል።

እህትሽን አትርሺብኝ ብዬ ነው እዚህ ያቆየኋት። አያሰጋትም። ክላሚዲያ በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ፣ በመታጠቢያ፣ በአንድ ሳህን በመብላት፣ በመተቃቀፍ ወይም አንድ አልጋ ላይ በመተኛት አይተላለፍም። ከሰው ሴል ውጭ ሆኖ መራባት አይችልም። ልዩ ጽዳት አያስፈልግሽም፣ ዕቃ መለየትም አያስፈልግሽም። ካልፈለግሽ ልትነግሪያትም አትገደጂም። ነገ ጠዋት እንደወትሮው በተራ ታጠቡ፤ ከዚያ አንቺ ወደ ምርመራሽ ሂጂ።